እጥፋት

ዝናብ ሦስት ቀን ሙሉ ላሚንግተን መንገድን ሲደበድብ፣
የሙምባይ ገበያተኛ ከየበረንዳው ሥር ሲሰበሰብ፣
ሁለት ሰዎች ገቡ ከሱቄ፤ ሱቄ ለራሴም ያልሰፋች፣
ልጅቱ ወረቀት ይዛ፣ ጃንጥላዋን በር ላይ ደፋች፤
አባቷ ሳዳሺቭ፣ ልብስ ሰፊ።
ማን ነገረህ አትበሉኝ፤ ሜትሩን ካንገቱ ሳያወርድ፣
መርፌውን ከኮሌታው ሳይነቅል ነው ገበያ የሚሄድ።

እኔ ጂግኔሽ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከዚች ጠረጴዛ ጀርባ
ስንቱን አይቻለሁ፤ ሳጥን ታቅፎ የሚወጣ፣ ቦርሳውን ጨብጦ የሚገባ።

ኬታኪ ዝርዝሯን ዘረጋች፤ አራት ጊዜ የታጠፈ፣
በሦስት ቀለም የተሰረዘ፣ ጠርዙ በላብ ያደፈ።
የሥዕል ተማሪ ናት፤ ሥዕሎቿን ልታስኬድ፣ ልታስሮጥ፣
ፕሮሰሰሩን ጠራች፣ ማዘርቦርዱን፤
ግራፊክስ ካርዱ ጋ ስትደርስ ድምጿ ተመለሰ ወደ ውስጥ።
ዋጋውን በአባት ፊት መጥራት እንደ ስድብ ከብዷት ይሆናል፤
ስልሳ ሺህ ሩፒ የሁለት ሠርግ ወራት ስፌት ነው፤ ዓይን ያጠፋል።

ከግርጌው በእርሳስ፣ በችኮላ፦ «ፓወር ሰፕላይ፣ የተገኘው»።
እኔም እንደ ልማዴ ጎንበስ አልኩ፤ ከታች መደርደሪያ ነው የማገኘው፤
ስሙ ወርቅ፣ ሆዱ ባዶ፣ ክብደቱ የብስኩት ቆርቆሮ፤
ስንት ቤት ጢስ አሽትቷል በሱ! ስንቱ ተመልሶ መጥቷል በሮሮ!

ሳዳሺቭ ተቀበለኝ። በመዳፉ ከፍ ዝቅ አደረገው።
«ሥራው ምንድን ነው?»
«ኃይል ያድላል።»
«ለየትኛው?»
«ለሁሉም።»
«እንግዲያ ክር ነዋ!» ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ሰው ሐር ሲገዛ አይሰስትም፤ ክር ላይ ነው እጁ የሚያጥር።
ከዚያ ሙሽራዋ ስትጨፍር፣ ብብቷ በሰው ፊት ሲተረተር፣
ክሩን የሚረግም የለም፤
የሚታማ ሰፊው ነው።» ይህን ሲል ዓይኔን አላየም።

ደህናውን አወረድኩ ከላይ፣ አቧራውን በእጅጌዬ አብሼ፤
«ብብትህ ተተርትሯል» አለኝ፤ ክንዴን ሰበሰብኩ፣ ሣቅ ለብሼ።

ከዚያ ባለ መስታወቱ ኬዝ፤ ማራገቢያው ቀስተ ደመና ይረጫል፤
የልጅቱ ፊት በራ፤ አባትየው፣ «ገበር ላይ ማን ጥልፍ ያወጣል?»
ብሎ ሜትሩን ሳበ። የኬዙን ሆድ ለካ፤ ካርዱን ለካ፤ ደገመ።
ሠላሳ። ሠላሳ አንድ ተኩል።
የአንዲት ጣት ውፍረት። የሦስታችንም አፍ ገጠመ።
እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ ሳይከፍል የለካ ሰው አላውቅም፤
ሁሉም በማግስቱ ነው የሚለካ፤ ያኔ ደግሞ እኔ አልመልስም።

ኬታኪ ረጅሙን ካርድ አየችው፣ መንገደኛ እንደሚሸኝ ሰው፤
አጭሩን፣ ባለ አንድ ማራገቢያውን፣ በጣቷ ጫፍ ነካካችው።
«ይዘገያል» አልኳት። «ሌሊቱን ይሠራላ፣ እኔ እተኛለሁ፤
ለሁለታችንም ጤና ነው፤ ጠዋት ተነሥቼ አየዋለሁ።»

የቀረው ገንዘብ ለአንድ ሚሞሪ። ማስገቢያው ሁለት።
«አንዱ ባዶ ቀረ» አለች፤ ጥርስ እንደ ወለቀባት።
ሳዳሺቭ ክፍተቱን ዳበሰ፣ መርፌ ባጠነከረው ጣት፦
«ለሚያድግ ልጅ ሱሪ ስሰፋ፣ ግርጌው ላይ እተዋለሁ እጥፋት።
ይቺ እጥፋቱ ናት።»

ሳጥኑን በላስቲክ ጠቀለልን፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣
ውኃው እስከ ጉልበታቸው፤
ጃንጥላው የሳጥኑ ሆነ፤ ለነሱ አልተረፈም ጥላ።

ቀጥሎ አንድ ወጣት ገባ፣ ፀጉሩ ውኃ እያንጠባጠበ፣
«ፓወር ሰፕላይ ስጠኝ፣ ርካሹን» አለ፣ ሩፒውን እያሰበ።
እጄ መንገዱን ታውቃለች። ወደ ታች መደርደሪያ ጎንበስ አልሁ፤
ብብቴን ነፋስ ገባው።
እንደ ጎነበስኩ ቆየሁ።